«ድንገተኛ ሞት» የሞት መንስኤ አይደለም

በእስር ላይ ያለ ሰው ሲሞት ቶሎ የሚሰጠው ምላሽ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «በድንገት ነው የሞተው»። በድንገት ወደቀ፣ በድንገት ልቡ ቆመ፣ ሐኪም ቤት ሳይደርስ በድንገት አለፈ። ቃሉ የሞቱን ፍጥነት ይናገራል እንጂ ምክንያቱን አይናገርም። ከሞቱ በፊት በነበሩት ደቂቃዎች ማን ምን እንዳደረገ፣ በምን መሣሪያ፣ ለምን ያህል ጊዜ የሚሉትን ጥያቄዎች ይዘጋል። የኤሌክትሪክ መሣሪያ የፖሊስ ትጥቅ በሆነባቸው ሀገሮች ደግሞ «ድንገተኛ ሞት» ከመሣሪያው ጋር ተጣምሮ መሣሪያውንም ተኳሹንም ከጥያቄ የሚያወጣ መልስ ሆኗል።

መሣሪያውን የሚደግፈው አስተያየት በሰፊው የሚሰማ ነው፤ በቅን ልብ የሚያምኑበትም ብዙዎች ናቸው። ክርክሩ እንዲህ ይሄዳል። ፖሊስ ዱላና ጠመንጃ ብቻ ከያዘ በሁለቱ መካከል ምርጫ የለውም፤ ዱላ አጥንት ይሰብራል፣ ጥይት ይገድላል። ኤሌክትሪክ ግን አምስት ሰከንድ አንዘፍዝፎ ይለቃል፤ ሰውየው ተነሥቶ ይሄዳል። ጩቤ የያዘ፣ የሰከረ ወይም አእምሮው የታወከ ሰው ሳይሞት ይያዛል፤ ፖሊሱም ሳይቆስል ወደ ቤቱ ይገባል። ለዚህ የሚጠቀስ ጥናትም አለ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት መሣሪያው በ1,201 ሰዎች ላይ ያደረሰውን መርምሮ 99.75 ከመቶ የሚሆኑት ምንም ወይም ቀላል ጉዳት ብቻ እንደደረሰባቸው ገልጿል። የዚያው ሀገር የፍትሕ ሚኒስቴር የምርምር ተቋምም በ2011 ባወጣው ሪፖርት መሣሪያው በጤነኛ ሰው ላይ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት የማድረስ ከፍተኛ አደጋ እንዳለው የሚያሳይ የማያሻማ የሕክምና ማስረጃ አልተገኘም ብሏል። እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ሰው ቢሞት ምክንያቱ ያለው በሟቹ ውስጥ ነው ይባላል፤ ወይ ልቡ ታማሚ ነበር፣ ወይ ዕፅ ወስዶ ነበር፣ ወይ ቀኑ ደርሶ ነው።

ክርክሩ እውነት አለበት። ጥይት ከኤሌክትሪክ የከፋ መሆኑን የሚክድ የለም፤ በመሣሪያው ከተመቱት አብዛኞቹ በሕይወት መትረፋቸውም አያከራክርም። ነገር ግን ከእነዚህ ሁለት እውነቶች የሚወጣው መደምደሚያ ስሕተት ነው። በደቡብ ጎንደር እንዳሉት እንደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ባሉ ቦታዎች ደግሞ ከስሕተትም አልፎ አደገኛ ነው።

መሣሪያው ምን እንደሚሠራ ማወቅ የክርክሩ ግማሽ ነው። ቴዘር በሚል የንግድ ስም የሚታወቀውን ዓይነት የፈለሰፈው ጃክ ከቨር የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1974 ነው፤ ዛሬ የሚያመርተው ኩባንያ አክሶን ይባላል። ቃታው ሲሳብ የታመቀ ጋዝ ሁለት ባለ መንጠቆ መርፌዎችን ይወረውራል፤ መርፌዎቹ በቀጫጭን ሽቦ ከመሣሪያው ጋር እንደተያያዙ ይቆያሉ። ሁለቱም ሰውነት ላይ ሲሰኩ ኤሌክትሪኩ በመካከላቸው ያልፋል፤ በስፋት በተሠራጨው ኤክስ 26 በተባለው ዓይነት በሰከንድ 19 ጊዜ ያህል ይመታል። አንድ ጊዜ የተሳበ ቃታ አምስት ሰከንድ ይሠራል፤ ጣት ካልተነሣ ግን ይቀጥላል። ጡንቻው ይኮማተራል፣ ሰውየው እንደተቆረጠ ግንድ ይወድቃል፤ እጁን ዘርግቶ ራሱን ማትረፍ አይችልም። ወደ አባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው የስማዳ አፋፍ ላይ ወይም በእስቴ ድንጋያማ ቁልቁለት እንዲህ መውደቅ ብቻውን ምን እንደሚያስከትል ሀገሬው ያውቀዋል። በአውስትራሊያ ኩማ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. በ2023 በአረጋውያን መጦሪያ ይኖሩ የነበሩ የ95 ዓመት አሮጊት በዚህ መሣሪያ ተመትተው የሞቱት በመውደቃቸው ራሳቸው ላይ በደረሰው ጉዳት ነበር። የተኮሰው ፖሊስ በቀጣዩ ዓመት ሰው በመግደል ጥፋተኛ ተብሏል።

ሁለተኛ አጠቃቀም አለ። መርፌ ሳይወረወር የመሣሪያው አፍ በቀጥታ ገላ ላይ ይደረጋል፤ የኤሌክትሪክ ዱላ የሚባለውም የሚሠራው እንዲሁ ነው። ይህ ሰውን አያስቆምም፤ ያሳምማል እንጂ። ሥራው ሕመም ብቻ ነው። ስለዚህ የድጋፉ ክርክር ስለ አንደኛው አጠቃቀም እየተናገረ ለሁለተኛውም ፈቃድ ያስገኛል። ጩቤ የያዘውን ሰው ከሩቅ ስለ ማስቆም የቀረበው ምክንያት በካቴና የታሰረውን ሰው በቅርብ ለማሳመም ይውላል።

«ከጥይት ይሻላል» የሚለው ቃል የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። ማነጻጸሪያው ጥይት የሚሆነው ሌላ ምርጫ በጠፋበት ሜዳ ላይ ነው። በክፍል ውስጥ ተዘግቶበት፣ እጁ ታስሮ፣ ቀበቶውና የጫማ ማሰሪያው ሳይቀር ተወስዶበት የተቀመጠን ሰው ሊተኩስበት የተዘጋጀ ማንም የለም። በእርሱ ላይ ለኤሌክትሪክ ያለው አማራጭ ጥይት አይደለም፤ አለመንካት ነው።

ሜዳ ላይስ ቢሆን በእርግጥ ጠመንጃን ይተካል? በአሜሪካ ቺካጎ መሣሪያው ለፖሊሶች በስፋት ሲታደል የሆነውን የመረመረ በ2018 የወጣ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ጥናት በፖሊሶች ላይ የሚደርሰው ጉዳት መቀነሱን አይቷል፤ የጠመንጃ አጠቃቀም ስለ መቀነሱ ግን ማስረጃ አላገኘም፤ በሕዝቡ ላይ የሚደርሰው ጉዳትም አልተለወጠም። ኤሌክትሪኩ የተካው ጠመንጃን ሳይሆን ከእርሱ በታች ያሉትን ነው፤ ከእነዚህም አንዱ ንግግር ነው። ወደ ጋይንት ሲመጣ ነገሩ ይብሳል። ጉና ሥር፣ በነፋስ መውጫ ብርድ፣ ሰው ጋቢ ደርቦ ወይም ቡልኮ ተከናንቦ ነው የሚወጣው። ወፍራምና ሰፊ ልብስ የቴዘር መርፌ የሚከሽፍበት የታወቀ ምክንያት ነው፤ ሁለቱ መርፌዎች ገላ ጋ ካልደረሱ መስመሩ አይዘጋም። የሚያሰጋው ሰው ጠመንጃ ከያዘ ደግሞ ሽቦው የሚደርሰው ጥቂት ሜትር ስለሆነ ቴዘር ይዞ የሚጠጋው ፖሊስ የለም። እንግዲህ መሣሪያው በዚያ ደጋ ላይ በእርግጥ የሚሠራው በማን ላይ ነው? ጋቢው በተወሰደበት፣ በተያዘ፣ በቅርብ ባለ ሰው ላይ ነው። ሜዳ ላይ የማያስተማምን መሣሪያ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ ይሠራል።

«አይገድልም» የሚለው ሁለተኛው ምሰሶ ነው። ሮይተርስ የዜና ወኪል እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ሰፊ ምርመራ በአሜሪካ ፖሊስ ቴዘር ከተጠቀመባቸው በኋላ የሞቱ ከ1,000 በላይ ሰዎችን ቆጥሯል፤ ከእነዚህ ውስጥ በ153ቱ ላይ የአስከሬን መርማሪዎች መሣሪያው የሞቱ ምክንያት ወይም አጋዥ ምክንያት ነው ብለው ጽፈዋል። የልብ ሐኪሙ ዳግላስ ዛይፕስ በ2012 ሰርኩሌሽን በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ ከምቱ በኋላ ልባቸው የቆመባቸውን ስምንት ሰዎች ጉዳይ አቅርበው ደረት ላይ የተሰካ መርፌ የልብን ምት ሊያናጋ እንደሚችል አስረድተዋል። አምራቹ ኩባንያ ራሱ በ2009 ለፖሊሶች ባወጣው መመሪያ ከተቻለ ደረት ላይ እንዳያነጣጥሩ መክሯል። መሣሪያው ልብን የማይነካ ከሆነ ስለ ደረት ማስጠንቀቅ ለምን አስፈለገ?

ለዚህ ርዕስ ከሁሉ የሚቀርበው ግን በ2009 የታተመው የካሊፎርኒያ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የ50 ከተሞችን ፖሊሶች ጠይቀው መሣሪያው ከመግባቱ በፊት የነበሩትን አምስት ዓመታት ከገባ በኋላ ካለው የመጀመሪያ ሙሉ ዓመት ጋር አነጻጸሩ። በእስር ላይ የሚደርሰው ድንገተኛ ሞት በዚያ ዓመት 6.4 እጥፍ ሆነ። በጥይት የሚሞተውም አልቀነሰም፤ 2.3 እጥፍ አደገ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ቁጥሩ ወደ ቀድሞው ወርዷል። መውረዱ ግን ለመሣሪያው ምስክር አይሆንም፤ በመጀመሪያው ዓመት የሞቱት ሰዎች ልምድ እስኪገኝ የተከፈሉ ዋጋ ናቸው ማለት ነው። ልምድም ዋስትና አይደለም። የቀድሞው የአስቶን ቪላ እግር ኳስ ቡድን አጥቂ ዳልያን አትኪንሰን በ2016 በእንግሊዝ የሞተው በአባቱ ቤት ደጃፍ ቃታው ለ33 ሰከንድ ሳይቋረጥ ተስቦበት፣ ከወደቀም በኋላ ራሱ ላይ ተረግጦ ነው። ፖሊሱ በ2021 ሰው በመግደል ተፈርዶበታል። አምስት ሰከንድ እንዲሠራ የታሰበው መሣሪያ 33 ሰከንድ የሠራው ስለተበላሸ አይደለም፤ ጣቱ ያልተነሣው የሰው ነው።

99.75 ከመቶውስ? ቁጥሩ እውነት ነው፤ የሚመልሰው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው ይተርፋል ወይ ብሎ ለጠየቀ አዎን ይላል። ይህ የሞተው ሰው በምን ሞተ ብሎ ለጠየቀ ግን ምንም አይልም። አባይን ዋኝተው ከሚሻገሩት አብዛኞቹ ይሻገራሉ፤ ለሰመጠው ሰው ይህ መልስ አይሆንም። «በጤነኛ ሰው ላይ» የምትለዋ ሐረግም የ2011ን ሪፖርት መደምደሚያ ትገድበዋለች። ፖሊስ የሚያገኘው ሰው ሮጦ የደከመ፣ የተደበደበ፣ የሰከረ፣ የታመመ ነው። ከጉሮሮ ቁስል ተነሥቶ የልብን በር የሚያበላሸው የሩማቲክ የልብ ሕመም በኢትዮጵያ የሚያጠቃው በአብዛኛው ልጆችንና ወጣቶችን ነው፤ ብዙዎቹም ሕመሙ እንዳለባቸው ሳያውቁ ያርሳሉ፣ ይሸከማሉ፣ ያገባሉ። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለረጅም ዓመታት በሴፍቲኔት የታቀፉ፣ የምግብ እጥረት የማይለያቸው ወረዳዎች ናቸው። በዚያ ያለ የሃያ ዓመት ወጣት ጤነኛ መሆኑን በዓይን አይቶ የሚያረጋግጥ ፖሊስ የትኛው ነው? ልቡ ቢቆምስ? የቆመ ልብን ለመመለስ ያለው ጊዜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው፤ ከስማዳዋ ከተማ ከወገዳ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ለመድረስ የሚፈጀው ግን በሰዓት ነው የሚቆጠረው።

«በሽተኛ ነበር» የሚለው ማመካኛ የራሱ ታሪክ አለው። በአሜሪካ ማያሚ እ.ኤ.አ. በ1985 ቻርልስ ዌትሊና ዴቪድ ፊሽቤን የተባሉ ሐኪሞች ኮኬይን ወስደው፣ ተቆጥተውና ተራግጠው በድንገት ስለሚሞቱ ሰዎች ጽፈው ሁኔታውን «ኤክሳይትድ ዴሊሪየም» አሉት፤ የተጋጋለ ቅዠት እንደማለት ነው። ዌትሊ ቆይተው በዚያው ከተማ ሞተው የተገኙ በርካታ ጥቁር ሴቶችን አሟሟት በኮኬይንና በወሲብ ያመካኙ ሲሆን፣ ሴቶቹ የተገደሉ መሆናቸው በኋላ ታወቀ፤ ፖሊስም በተከታታይ ገዳይነት የጠረጠረውን ሰው ያዘ። እንዲህ ያለ ስሕተት የታየበት ሐሳብ ግን አልተጣለም። በፖሊስ እጅ ለሚሞቱ ሰዎች መግለጫ ሆኖ ከሠላሳ ዓመታት በላይ አገለገለ፤ የአሜሪካ የድንገተኛ ሕክምና ሐኪሞች ኮሌጅም በ2009 ተቀበለው። ኮሌጁ ድጋፉን ያነሣው በጥቅምት 2023 ነው። በዚያው ዓመት የአስከሬን መርማሪዎቹ ብሔራዊ ማኅበር ቃሉን እንደማይደግፍ አስታወቀ፤ ካሊፎርኒያም በሞት መንስኤነት እንዳይጻፍ በሕግ ከለከለች።

በኢትዮጵያ ለዚህ የሚቀርበው በቀድሞ ዘመን ሌባ ይፈለግበት የነበረው ሌባሻይ ነው። መድኃኒት የጠጣው ልጅ እየተንገዳገደ ሄዶ ከአንዱ ቤት ሲወድቅ ባለቤቱ ሌባ ይሆን ነበር፤ ማስረጃው ልጁ መውደቁ ነው። የተጋጋለ ቅዠት የሚባለው ምርመራም ከዚህ አይርቅም፤ ማስረጃው ሰውየው መሞቱ ነው። አንድ ልዩነት አለው። ሌባሻይ አንዳንዴ ከሀብታም ደጅም ይወድቅ ነበር፤ ይህኛው ግን ሁልጊዜ የሚወድቀው በሟቹ ላይ ነው።

እርግጥ በእስር ላይ በበሽታ የሚሞት ሰው አለ። ክፍሉ ሲጨናነቅ ቅማል ተስቦንና ግርሻን ያዛምታል፤ ሳንባ ነቀርሳም ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል። እንዲህ ያለው ሞት ግን አሳሪውን ነጻ የሚያወጣው በምን ሒሳብ ነው? ሰውየውን ከቅማሉ ጋር ያስተኛው ማን ነው? ሐኪም ዘንድ እንዳይሄድ በሩን የቆለፈበትስ? በገጠር የሰው በሬ ተውሶ የጠመደ ገበሬ በሬው ቢሞትበት ለባለቤቱ አሟሟቱን ማስረዳት ግዴታው ነው፤ «በድንገት ሞተ» ብሎ ቀንበሩን ይዞ ወደ ቤቱ አይገባም። አደራ ነውና። ለበሬ የሚጠየቀው ለሰው የማይጠየቅበት ምክንያት የለም።

እስካሁን የተባለው ስለ መሣሪያው ገዳይነት ነው። ከዚህ የሚከብደው ሌላ ጠባዩ ነው፤ ኤሌክትሪክ ምልክቱ ትንሽ ነው። በደርግ ዘመን ወፌ ላላ የተገረፈ ሰው እግሩ ይመሰክርለት ነበር፤ የውስጥ እግሩ ተልጦ፣ ለወራት እየተንፏቀቀ፣ ጠባሳውን ዕድሜ ልኩን ይዞት ኖሯል። ኤሌክትሪክ ገላ ላይ የሚተወው፣ ከተወም፣ ትንንሽ ቀያይ ነጥቦችን ነው፤ በጥቂት ቀናት ይጠፋሉ። የማሰቃየትን ታሪክ ያጠኑት ዳርየስ ሬጃሊ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት ምልክት አልባ ስልቶች የተስፋፉት ተመልካች በበዛበት ቦታ ነው። ጋዜጠኛ፣ ፍርድ ቤትና የሰብአዊ መብት ድርጅት በበዙ ቁጥር አሰቃዩ ምልክት ወደማይተው ስልት ይሄዳል። የልብ ምት በኤሌክትሪክ ተናግቶ የሞተ ሰው አስከሬን ቢከፈት ደግሞ የምቱ መናጋት አይታይም። ምት የሕያው ነገር ነው፤ ልብ ከቆመ በኋላ ፈልጎ የሚያገኘው ቢላ የለም።

ይህ በኢትዮጵያ የሩቅ ነገር አይደለም። በማዕከላዊ የወንጀል ምርመራና በሌሎች ድብቅ ማሰሪያዎች ይፈጸም የነበረው ግፍ በኅዳር 2011 ዓ.ም. በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በብርሃኑ ጸጋዬ ሲገለጽ ኤሌክትሪክ ማስያዝ ከተዘረዘሩት ስልቶች አንዱ ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ ማዕከላዊ ተዘግቷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድም በሰኔ 2010 ዓ.ም. በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፊት መንግሥት ሰዎችን ያሰቃይ እንደነበር አምነዋል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ በዚህ ሀገር የታወቀው በምርመራ ክፍል ነው፤ የእምነት ቃል ማውጫ ሆኖ። ያንኑ መሣሪያ የሰብአዊነት ምልክት አድርጎ ለጣቢያ ማደል የክፍሉን ታሪክ መርሳት ነው። የተባበሩት መንግሥታት ፀረ ማሰቃየት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2007 የፖርቱጋልን ጉዳይ ሲመረምር የኤክስ 26 አጠቃቀም ከባድ ሕመም የሚያደርስና ማሰቃየት የሚሆን ነው ብሏል፤ ሊገድል እንደሚችልም ጨምሯል። ኢትዮጵያ ይህ ኮሚቴ የሚከታተለውን ስምምነት የተቀበለችው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው።

ምልክት የማይተው መሣሪያ የአስከሬን ምርመራ ከሌለበት ቦታ ጋር ሲገናኝ ምን ይሆናል? በኢትዮጵያ የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዘመን በዋናነት የሚደረገው በአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ከነፋስ መውጫ በወልድያም ተዞረ በባሕር ዳር አዲስ አበባ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በጋይንትም በእስቴም ልማዱ ሟችን በዕለቱ ወይም በማግስቱ መቅበር ነው፤ ካህኑ ይፈታሉ፣ አስከሬኑ ይገነዛል፣ መቃብሩ ይማሳል፣ ለቅሶው ይቀመጣል። የሟችን ገላ ማስከፈት ለቤተሰቡ ሁለተኛ ሞት ሆኖ ይታያል። የሞትን መንስኤ ከፖሊስ ተለይቶ የሚመረምር ራሱን የቻለ ባለሥልጣንም በሀገሪቱ ሥርዓት አልተቋቋመም፤ ስለዚህ በጣቢያ የሞተን ሰው ጉዳይ ማጣራት የሚጀምረው ጣቢያው የሚገኝበት ያው መሥሪያ ቤት ነው። ምልክት የለም፣ ምርመራ የለም፣ መርማሪው የተጠርጣሪው ባልደረባ ነው። «በድንገት» የሚለው ቃል እንዲህ ባለ ቦታ አይፈተንም፤ እንደተጻፈ ይቀራል።

የሰለጠነ ምርመራ ያለበት ሀገር እንኳ በፖሊስ ቃል ብቻ አልዳነም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 በካናዳ ቫንኩቨር አውሮፕላን ማረፊያ እንግሊዝኛ የማይችል አንድ ፖላንዳዊ ስደተኛ ለሰዓታት ግራ ሲጋባ ቆይቶ ፖሊሶች በደረሱ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ተመታ፤ ቃታው አምስት ጊዜ ተስቦበት እዚያው ሞተ። የፖሊስ መግለጫ ሰውየውን ተደባዳቢ አድርጎ አቀረበው። እውነቱን ያወጣው አንድ መንገደኛ የቀረጸው ቪዲዮና ከዚያ በኋላ በዳኛ ቶማስ ብሬድዉድ የተመራው አጣሪ ጉባኤ ነው። በእስራኤልም እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2014 ቢንያሚና አካባቢ የ22 ዓመት ትውልደ ኢትዮጵያ ወጣት በፖሊስ ቴዘር ተመታ፤ ከአራት ወራት በኋላ ሞቶ ተገኘ። ፖሊስ ራሱን አጠፋ አለ፤ ቤተሰቡ አልተቀበለውም። በ2015 ቤተ እስራኤላውያን ሰልፍ ሲወጡ የእርሱም ጉዳይ አብሮ ይነሣ ነበር። በዚያ ያለውን ወገን ያስቆጣው የሞቱ ምክንያት ብቻ አልነበረም፤ ስለ ልጁ የመጨረሻ ወራት የሚታመን ቃል የሚሰጥ ገለልተኛ ሰው መጥፋቱም ነው።

በጋይንት የሚታመን ቃል የሚገኘው ከየት ነው? በኢትዮጵያ ጣቢያዎች እስረኛ በአብዛኛው የሚበላው ቤተሰቡ የሚያመጣውን ነው። ከታች ጋይንት ቆላ ወደ አርብ ገበያ፣ ከእስቴ ገጠር ወደ መካነ ኢየሱስ፣ እናት ወይም ሚስት ወይም እኅት እንጀራውን ቋጥራ በእግሯ ትመጣለች። የስንቅ ዕቃው ሲገባና ሲወጣ የሚታየው ብዙ ነው፤ ምግቡ ተበልቷል ወይ፣ ልብሱ ለምን ተቀደደ፣ እጁ ለምን ይንቀጠቀጣል፣ ዛሬ ለምን ራሱ አልመጣም? በቀይ ሽብር ዘመን ቤተሰብ ሞትን የሚያውቀው «ከእንግዲህ ስንቅ አታምጡ» ሲባል ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 የታሰረ ሰው በትዳር ጓደኛው፣ በዘመዶቹ፣ በሃይማኖት አማካሪው፣ በሐኪሙና በጠበቃው የመጎብኘት መብት እንዳለው ሲደነግግ ይህን የስንቅ መንገድ ሕግ አድርጎታል። ምልክት የማይተው መሣሪያ ግን የዚህችን ሴት ዓይን ይሸውዳል። ሰንበርን ታውቃለች፣ እብጠትን ታውቃለች፣ አንካሳን ታውቃለች፤ ኤሌክትሪክን በምን ታውቀዋለች?

ሁለት መከላከያዎች ይቀራሉ፤ ሁለቱም ብዙ ቃል አይፈልጉም። አንደኛው «ጊዜው የጦርነት ነው» የሚለው ነው። በአማራ ክልል ከሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታውጆ ነበር፤ ደቡብ ጎንደርም ከግጭቱ አካባቢዎች አንዱ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን የማይነኩትን ሲዘረዝር አንቀጽ 18ን ጠቅሷል፤ ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ ማለት ነው። አዋጅ ሰዓት እላፊ ሊያውጅ ይችላል፤ የታሰረን ሰው ኤሌክትሪክ ለማስያዝ ግን ሥልጣን አይሰጥም። ሁለተኛው «ቤተሰቡ ተስማምቷል፣ ሽማግሌ ገብቶበታል» የሚለው ነው። ሽምግልና በሁለት ወገን መካከል ያለን ደም ያደርቃል፤ ክብሩም የታወቀ ነው። አሳሪው መንግሥት ሲሆን ግን ሁለቱ ወገኖች እኩል አይደሉም፤ ሌላ ልጅ ያላት እናት በዚያው ጣቢያ ፊት በየቀኑ ማለፍ አለባት። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 በምርመራ ጊዜ የታሰረን ሰው የሚያሰቃይን ባለሥልጣን ይቀጣል፤ የበላይ አዝዞት ከሆነ ለአዛዡ የተመደበው ቅጣት ይከብዳል። ይህ ክስ የመንግሥት ነው እንጂ በዕርቅ የሚዘጋ የቤተሰብ ጉዳይ አይደለም።

እንግዲህ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ለዘብተኛ መሣሪያ አይደለም። ሜዳ ላይ ሊገድል የሚችል፣ ክፍል ውስጥ ከማሳመም በቀር ሥራ የሌለው፣ ማስረጃውንም ይዞ የሚጠፋ መሣሪያ ነው። የአስከሬን መርማሪ፣ ነጻ አጣሪና የልብ ሐኪም በራቁበት ወረዳ ከዱላ የባሰ ነው፤ ዱላ ቢያንስ ይመሰክራል። በተያዘ ሰው ላይ በምንም ምክንያት መዋል የለበትም፤ በቀጥታ ገላ ላይ የሚደረገው የኤሌክትሪክ ዱላ ደግሞ ለማንም ፖሊስ መታደል የለበትም። በእስር የሞተ ሰው ሁሉ፣ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ፣ በአሳሪው እጅ እንደሞተ መቆጠር አለበት። ይህ አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ ሕይወት መብት ባወጣው ማብራሪያ፣ የሚኒሶታ ፕሮቶኮል የሚባለው የምርመራ መመሪያም በ2016 እትሙ፣ የማስረዳት ሸክሙን መንግሥት ላይ ጥለዋል።

ይህን ሸክም መወጣት የሚቻለው በመዝገብ ነው። አክሶን የሠራው ቴዘር ቃታው መቼ፣ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰከንድ እንደተሳበ በውስጡ ይመዘግባል፤ በርካሽ የሚገዛ የኤሌክትሪክ ዱላ ምንም አይመዘግብም። ሰውየው ወደ ጣቢያ ሲገባ የነበረው የጤና ሁኔታ፣ የገባበት ሰዓት፣ ከገጠር ያመጡት ሚሊሻዎች እነማን እንደነበሩ፣ ማን እንደመረመረው፣ በ48 ሰዓት ውስጥ የቀረበበት ፍርድ ቤት፣ ለመጨረሻ ጊዜ ስንቅ የተቀበለበት ቀን፣ ሐኪም የተጠራበት ደቂቃ፣ እነዚህ ሁሉ ያለ ምንም ላቦራቶሪ በእስክሪብቶ ሊጻፉ የሚችሉ ናቸው። መዝገቡ ከጎደለ ጉድለቱ በአሳሪው ላይ ማስረጃ ሆኖ ይቆጠር፤ አስከሬኑ ከጣቢያው ውጭ ባለ ሐኪም ሳይታይ አይገነዝ፤ የመዝገቡም ግልባጭ ከአስከሬኑ ጋር አብሮ ለቤተሰቡ ይሰጥ።